የዘነበች እንግድነት

እንግዳ አክባሪ ነን ብለን ስንኩራራ፣ እንግዳውን «እስከ መቼ ነው የምንነሣልህ?» ብለን ጠይቀነው አናውቅም። ይህ የገባኝ በዘነበች ነው።

ዘነበችና ልብስ ሰፊው ባሏ በሱማሌ ጦርነት ከጅግጅጋ ተፈናቅለው መካነ ሰላም ሲገቡ ከአንዲት የስፌት መኪና በቀር የያዙት አልነበረም። ቀበሌው ከአጥራችን ሥር አንዲት ክፍል ሰጣቸው። ሰፈሩ ተሯሯጠ፤ እህል ያመጣ አመጣ፣ ብርድ ልብስ ያመጣ አመጣ። እናቴማ የመሪጌታ ሚስት ናትና ከሁሉ ቀደመች። እስከዚህ ድረስ ማንም አያማንም።

ክፋቱ፣ ማቆሚያውን አጣነው። ዓመታት አልፈው እንኳ ዘነበች ድግስ ቤት ብቅ ስትል፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ወሬያቸውን ዋጥ አድርገው ይነሡላታል። ቢላዋ ላንሣ ስትል «ኧረ በማርያም! እንግዳ አይደለሽም እንዴ?» ተብላ መደብ ላይ ትሰየማለች። እዚያ ብቻዋን ጠላዋን ይዛ ትውላለች። እርስዎ እንዲህ ተከብረው ያውቃሉ? ከግዞት በምን ይለያል?

አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ደሴ ልንሄድ ነው። ለእናትህ እንዳትነግር።»

«ማን አስቀየመሽ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ማንም! እዚህ አገር የሚያስቀይመኝ ሰው እንኳ የለኝም።»

በዚያው ሰሞን የእኅቴ ሰርግ ደረሰ። እናቴ የወጡን ድስት ትታ ወደ ጓዳ ዘወር ስትል፣ ዘነበች ከመደቡ ዘላ ወረደችና ማማሰያውን ነጥቃ በርበሬውን በእፍኝ በእፍኝ ሞጀረችበት። እናቴ ተመልሳ ቀመሰች። ሳለች። አለቀሰች።

«እጅሽ ይቆረጥ! ወላሂ፣ ሙሽራ ልትፈጂ ነው የመጣሽው?»

(የመሪጌታ ሚስት «ወላሂ» አለች ብለው እንዳይደነግጡ፤ ወሎ ሲቆጣ ሃይማኖት አይመርጥም።)

ሴቶቹ ሁሉ ከሽንኩርታቸው ቀና አሉ። እንግዳ ተሰደበች!

ዘነበች ወገቧን ያዘች። «የእርስዎስ ወጥ ነው? የበሽተኛ ሾርባ!»

ሴቶቹ ግማሹ ለእናቴ፣ ግማሹ ለዘነበች ወግነው ተንጫጩ። በመሐል እናቴ ሽንኩርት የሞላ ገበቴ ገፋችላት። «ያበላሸሽውን አቅኚ! ቁጭ በይና ክተፊ!»

ዘነበች ቁጭ ብላ ከተፈች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ የሽንኩርት ነው ተባለ።

ደሴ መሄዱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሰርግ ሆነ ሐዘን፣ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ሆነች፤ እሷ በሌለችበት ደግሞ ሴቶቹ ደህና አድርገው ያሟታል። አንድ ጠዋት በራችን ላይ ወገቧን እያሸች አገኘኋት።

«እናትህ ገደሉኝ! የማርፍበት ቀን የለኝም።»

«ታዲያ እንግዳ ነኝ በያቸው» አልኳት።

«ብያቸው ነበር» አለችና፣ «ሳቁብኝ» ብላኝ ድስት ልታጥብ ገባች።