የጀማል እጅ

«ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ለኔ ሳይሆን አይቀርም፤ የኔ ከልቤ ወጥቶ አፌ ላይ ሲደርስ የሚረዳው የለማ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት «ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው» ትልና ቶሎ ወደ ሽንኩርት ዋጋ ትሻገራለች። አወቱ መንደራ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሰውዬ ደግሞ ወጌሻ መሆኔን አምነው ስለተቀበሉ ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ባለ ቁጥር በሬን ያንኳኳሉ። እናንተም ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ሕመም የጣለው ሰው ራሱ እንዲለብስ፣ ራሱ እንዲጎርስ፣ ራሱ እንዲታጠብ መንገድ እፈልጋለሁ። ይህን የነገርኩት አንድ የባንክ ሠራተኛ «እሱማ የሚስት ሥራ ነው» አለኝ። እንግዲህ ለዚህ ነው አራት ዓመት ፊደል የቆጠርኩት።

ለሚስት የሚከብድ ሥራ መኖሩን ያየሁት ኦቦ ነጂብ ቤት ነው። ኦቦ ነጂብ ወደ ሰቃ ከተማ መውጫ ላይ ከአንድ ወጥ ግንድ በርጩማ የሚጠርቡ ሽማግሌ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ከዳቸው፤ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት በገቡ በወሩ ባለቤታቸው አዴ ዘምዘም እኔ ዘንድ መጡ። ባላቸው ግራ እጃቸውን «የኔ አይደለም፣ የጀማል ነው» እንደሚሉ ነገሩኝ። ጀማል የኦቦ ነጂብ ታናሽ ወንድም ነበር። ወንድማማቾቹ ጫካ ውስጥ መጋዙን ከዚህና ከዚያ ጫፍ ይዘው ዛፍ ሲቆርጡ ግንዱ ወድቆበት ሞተ። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«ማሎ ልጄ፣ እኔ የተዳርኩት ለአንድ ሰው ነው» አሉ አዴ ዘምዘም። «እህቴ ዘንድ ሸቤ ልሄድ ነው። ከበሽተኛ ጋር እኖራለሁ፤ ከሙት እጅ ጋር ግን ወላሂ አልችልም።»

ቤታቸው የደረስኩት በምሳ ሰዓት ነው። የኦቦ ነጂብ ሳህን ቀኝ ግማሹ ተጠርጎ ግራው እንዳለ ነበር፤ ድንበሩ በቢላ የተሰመረ ይመስላል። ጢማቸውም የተበጠረው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። የተረፈውን ምግብ ማንም አይነካም፤ የጀማል ድርሻ ነው ተብሏል። ሳህኑን ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ግራ የነበረው ቀኝ ሲሆን ኦቦ ነጂብ አሁን ገና እንደቀረበላቸው ሁሉ ጠርገው በሉት። አዴ ዘምዘም አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ፤ ለካ በሳቸው ዓይን የሙት ምግብ ማብላቴ ነው።

ነገሩን መጽሐፍ ያውቀዋል። አንጎል በቀኝ በኩል ሲጎዳ ግራ የሚባለው ወገን ለአንዳንዱ ሰው ከዓለም ይጠፋል፤ የገዛ እጁን የሌላ ነው የሚልም አለ። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ግን ጉልበታቸው ላይ የተጋደመውን እጅ ይዤ የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ኦቦ ነጂብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀስ በይ፣ ተኝቷል» አሉኝ። ሳላስበው እጁን በዝግታ መልሼ አስቀመጥኩት። ፈርቼ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

የቀትሩ ሶላት፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ቀረበላቸው። ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ክርን ታጠቡ፤ ግራው ዘንድ ሲደርሱ አበቁ። የሰፈሩ ኢማም የታመመ ይቅር ይባላል ስላሉ ማንም አያስገድዳቸውም። የኔ ሥራ ደግሞ ይኸው፣ ራሳቸው እንዲታጠቡ ማድረግ ነው። ግራውንም ይታጠቡ ብላቸው የሰው እጅ አላጥብም አሉ። ያኔ ጥያቄው አመለጠኝ፤ ጀማል ሲሞት ማን አጠበው አልኩ። ወንድምን ወንድሙ ነውና የሚያጥበው።

«አልገባሁም» አሉ ኦቦ ነጂብ። «ጀናዛው ሲታጠብ ጓሮ ተደበቅኩ። ፈራሁት።»

«እንግዲያው አሁን ይጠቡት» አልኩ።

አስተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር፤ የታማሚን ቅዠት አታጽድቁ ተብለናል። ኦቦ ነጂብ ግን ያንን እጅ እንደ ሕፃን አነሱት። በጣቶቹ መሃል፣ ከጥፍሩ ሥር፣ እስከ ክርኑ ሦስት ጊዜ አጠቡት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉት ግን አይሰማም። አዴ ዘምዘም ጉዟቸውን ለአንድ ወር አቆዩት።

እጁ በቀን አምስት ጊዜ ታጠበ። እኔም በየሳምንቱ እየሄድኩ ጣቶቹን አፍታታሁ፣ ማንቆርቆሪያ አስጨበጥኩ። በአምስተኛው ሳምንት ውሃው ግራ እጃቸው ላይ ሲፈስ ኦቦ ነጂብ ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው በረደኝ አሉ። እጁን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። አዴ ዘምዘም በደስታ ሊያለቅሱ ሲሉ ሰውየው ቀና ብለው ጠየቁን።

«ጀማልስ?»

እኔ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩ። አዴ ዘምዘም አጠገባቸው ተቀምጠው መሞቱን ነገሯቸው፤ ኢና ሊላሂ አሉ። ኦቦ ነጂብ መርዶው ያን ቀን የደረሳቸው ይመስል ጮኸው አለቀሱ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ያለፈው ሰው ሊለቀስ። አዴ ዘምዘም ሻይ ይቀዳሉ፤ ሸቤ መሄዱን የሚያነሳው የለም። እኔም ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት ኦቦ ነጂብን ያከምኳቸው እኔ መሆኔን ሲሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሰውየው ድኗል አይደል ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

«መዳኑ» አልኩ።