የአባቴ እርሻና አንዲት ፊደል

ሰው ሲሞት ይሾማል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በቁሙ ሳለ ቁጡ የነበረው ታጋሽ፣ ቆንቋናው ቸር ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውም ከደጀ ሰላም የማይጠፋ ሆኖ ያርፋል። በዚህ አልፈርድም፤ ሐዘንተኛ ትንሽ ቢያሳምር ማን ይቆጣዋል? የኔ ጭንቅ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ሟቹ ዕድሜ ልኩን በኮራበት ነገር ዘመዶቹ ቢያፍሩበትስ ምን ይደረጋል? እኔን የገጠመኝ ይህ ነው።

አባቴ ግራዝማች አበጀ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ በደብረ ማርቆስ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። ጸሐፊ የነበረው ግን እጃቸው ነው። ልባቸው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ካለችው መንደራችን፣ ከእርሻቸው ላይ ነበር። ዝናብ በጣለ ማግስት የመሥሪያ ቤቱ ወለል ላይ ጭቃ ከታየ፣ ማን እንደገባ የሚጠይቅ አልነበረም። ጎረቤቱ ለጤፍ አራት ጊዜ ሲያርስ እሳቸው አምስት ያርሳሉ። አምስተኛው ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «እሱ እንኳ ለደስታዬ ነው» ይላሉ። ዳለቻ የሚባል ያረጀ በሬ ነበራቸው። ባለጉዳዩን ሁሉ «አንተ» እያሉ የሚያስተናግዱት ግራዝማች፣ ዳለቻን «አንቱ» ይሉት ነበር። «ዳለቻ፣ ይመለሱ እንጂ» ሲሉ የሰማ መንገደኛ፣ ማሳው ውስጥ ሌላ ሽማግሌ ያለ መስሎት አንገቱን ያሰግጋል። ምነው ቢባሉም «ከኔ ይልቅ ሥራ የሚያውቅ ሽማግሌ እንዴት አንተ ይባላል?» ነበር መልሳቸው።

ስድስት ልጆች ነበርን። በማሳው ዳር ለያንዳንዳችን በስማችን የምትጠራ አንዳንድ ትልም ነበረችን። እኔ ለመምህርነት ሥልጠና ከአገር የወጣሁ ጊዜ «ትልምህ ደህና ናት፤ እናትህም ደህና ናት» ብለው ጻፉልኝ። እናቴ ቅደም ተከተሉን የሰማች ዕለት አኮረፈች፤ ኩርፊያዋ ግን እስከ ባቄላ እሸት ብቻ ነው የቆየው። እሸት ሲደርስ የመጀመሪያውን እፍኝ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው የሚያመጡት ለሷ ነበር፤ እሷ ሳትቀምስ ማናችንም አንነካም። ይህን ስጽፍ እንኳ ይናፍቁኛል።

አንድ ክረምት ታመው፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ዐረፉ። ተዝካራቸው ሲቃረብ ታላቅ ወንድማቸው፣ ፊታውራሪ አጎቴ፣ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በከተማ ለትላልቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አይቶ ኖሮ፣ ለወንድሜም ይነበብለት አለ። ከቤቱ አስተማሪ እኔ ነኝና ጽሑፉ በኔ ላይ ወደቀ።

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገበሬ እንደነበሩ ይነገርላቸው። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። እኔ ስጨብጠው የኖርሁት እጅ እርፍ የቆረቆረው እጅ ነው፤ ብዕር የጨበጠውን አላውቀውም» አለች።

ጻፍኩ። አጎቴ አነበበና «ገበሬ» ከምትለዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ተቀምጠው፣ ግራዝማች በሬ ሲነዳ ኖረ ልትል ነው? የሚያርስለት ሰው ያጣ ሊመስል ነው? ሰርዘው።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

አጎቴ በልጅነቱ ሁለት ክረምት ቅኔ ቤት ቆይቶ ነበር፤ የሁለት ክረምት ቅኔ ደግሞ ከሰው ላይ በቀላሉ አትለቅም። ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ። «ገባሬ ሠናይ በለው። በጎ አድራጊ ማለት ነው። ያምራል፣ ግእዝም ነው፣ ማንንም አያሳፍርም» አለኝ። አማራጭ በማይሰጥ ድምፅ ነው የነገረኝ። ደመወዝ የምቀበል፣ ሰባ ተማሪ ጸጥ የማሰኝ ሰው፣ አጎቴን ፈርቼ ጻፍኩለት። ፍርሃቴንም ታላቅን ማክበር ነው ብዬ ለራሴ አሳመርኩት።

እሱ እንደወጣ እናቴ መጣች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰው ፊት ግን ታነባለች። ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የቱ ላይ እንደሆነ አሳየኝ አለች።

«ይቺ ፊደል ‹በ› ብትሆን ገበሬ ይል ነበር» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ። «ቀኝ እግሯ ስለረዘመ ‹ባ› ሆነች፤ ‹ገባሬ› አለ።»

«ልዩነቱ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ እንዳይቆሽሽ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችው። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዳሱ ሞላ። ሹማምንቱ ከፊት፣ ካህናቱ ከጎናቸው፣ የመንደራችን አራሾች እንደልማዳቸው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወረቀቱን ያነበቡት የደብራችን መሪጌታ ናቸው። የአባቴን ትውልድ አነበቡ፣ ሹመታቸውን አነበቡ፤ ከዚያም «ግራዝማች አበጀ በዘመናቸው ሁሉ ገበሬ ሠናይ ነበሩ» አሉ።

አጎቴ ቀና አለ። መሪጌታም ቆሙ፤ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና ቀስ ብለው፣ ቃሉን እያጣጣሙ ደገሙት። ይኸኔ ከዲማ የመጡ አንድ የቅኔ መምህር «ይበል» አሉ። ከዚያ ወዲያማ ካህኑ ሁሉ «ይበል፣ ይበል» ሆነ። አንዱ ቄስ ለሹማምንቱ ያስረዳል፤ ሰሙ መልካም ገበሬ፣ ወርቁ በጎ አድራጊ፣ በአንዲት ፊደል ሁለቱን አጋጠማቸው እያለ። አራሾቹን ሰሙም ወርቁም አላስጨነቃቸውም። «ገበሬ» የምትለዋን ብቻ ሰምተው አለቀሱ። ከአባቴ ጋር ወንፈል የሚገቡት ሽማግሌ ተነሥተው ቆመው ነበር ያለቀሱት፤ እኔም አለቀስኩ።

አጎቴ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ከሹማምንቱ ትልቁ እጁን ጨብጦ አመሰገነው። አጎቴም የከፈተውን አፍ አላባከነውም። «እንዲህ አድርገህ ጻፈው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ። ሐሰት ነው እንዳልል፣ አብዛኛው እውነት ነው።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ «ባለቅኔው» ተብዬ ቀረሁ። ሰርግ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ጣል አድርግልን እባላለሁ፤ ጉሮሮዬን አመመኝ እያልኩ ስንት ዓመት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። እናንተም ለማንም አትንገሩብኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወረቀቱን ከመሪጌታ ተቀብዬ ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። ከፊደሏ ቀኝ እግር ሥር በምላጭ ተፍቆ፣ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ የእንግዶቹን ዕቃ እያጠበች ነበር።

«እማማ፣ ይቺን የፋቃት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «አንዱ እግሯ ረዝሞ አየሁት፣ አስተካከልሁት። አባትህ አንካሳ አልነበሩም።»