ስኳር አለብኝ ያልኩበት ቅዳሜ

የእኛ ሰው ሕመምተኛን ያከብራል፤ ዳይተኛን ግን አያከብርም። "አሞኛል" ካላችሁ ትራስ ይመጣላችኋል፣ ዱዓ ይደረግላችኋል፣ ከፊታችሁ ያለው ትሪ በፍቅር ይነሳላችኋል። "ክብደት ልቀንስ ነው" ካላችሁ ግን "ጠግቦ ነው" ትባላላችሁ። ምግብ ያጣ ሰው አይተናል፤ ምግብ የዘጋውንም አይተናል። ምግቡን አግኝቶ፣ እየወደደው፣ አልበላም የሚለውን ሰው ግን ምን እንደምንለው ገና አልተስማማንም። እናንተም ቤት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

እኔና ካርብ ስንጣላ ይህ ሁለተኛችን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እንጀራውንም ዳቦውንም ሩዙንም ትቼ ሠላሳ ፓውንድ ቀነስኩ። ምን ያደርጋል፣ ያየኝ ሁሉ "ምነው፣ ምን ነካህ?" እያለ ሲያዝንልኝ ከረመ፤ እናቴማ በቪዲዮ አይታኝ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ሳምቡሳ በላሁ። አንድ ሳምቡሳ ምንም አያደርግም፤ ችግሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ ፓውንድ ወደ ቦታው ሲመለስ ሁሉም "ማሻአላህ፣ አማረብህ" አለኝ። እውነቱን የነገረኝ ለዒድ ያሰፋሁት ሱሪ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ። መጀመርስ ቀላል ነው፤ እንደገና መጀመር ግን የፈቷት ሚስት ደጅ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፤ ሁለታችሁም ትተዋወቃላችሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጓደኛዬ ጀማል ሳን ሆዜ ቤቱ ምሳ ጠራኝ። ከኦክላንድ በ880 አውራ ጎዳና እየነዳሁ ምክንያት ስፈልግ ሄድኩ። ጾመኛ ነኝ እንዳልል የሱና ጾም ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ። ጀማል ዳይት ላይ መሆኔን ያውቃል። እናቱ እማማ ዘሃራ ግን ከደሴ ከመጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እንግዳ እንጀራ ሳይበላ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። ከዶሮ ወጡ ሥጋውን ብቻ በሹካ ስለቅም አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ እንጀራው አልሆነም እንዴ?"

"ኧረ በጣም ቆንጆ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያው አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ።"

ጉርሻዋ አየር ላይ ናት። ከአፌ የወጣው ነገር እኔንም አስደነገጠኝ።

"ስኳር አለብኝ፣ እማማ።"

ወላሂ አላልኩም፤ እሷን እንኳ ያዙልኝ። ጉርሻዋ ተመለሰች፤ ከፊቴ የነበረውን እንጀራ በገዛ እጃቸው አነሱት። ጀማል ወደ ሳህኑ አቀርቅሮ ሳቁን ዋጠ። እኔም ይህን ዘዴ እስከ ዛሬ ምነው አጣሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ከሳሎን አላለፈም። ሳህን ላደርስ ኩሽና ስገባ እማማ ዘሃራ ተከትለውኝ ገቡ፣ በሩን ገፋ አደረጉና ከሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የስኳር መለኪያ ማሽን አወጡ።

"እኔም አለብኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ጀማል አያውቅም። ክሊኒክ ሲነግሩኝ እሱ ውጭ ነበር። ካወቀ ከምድጃ ያርቀኛል፣ ሥራውን ትቶ እኔን ሲጠብቅ ይውላል። ማሽኑን ሰጡኝ፤ እኔ ግን ቁጥሩን ማየት ፈርቼ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ጓደኛ ሰጠኝ። ከነገ ጀምሮ እንጠያየቃለን።"

እዚያው ላይ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸው።

ከማግሥቱ ጀምሮ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ስልኬ ይጮሃል። "ስንት ሆነልህ?" የእሳቸው መቶ ዘጠና ነው። እኔ፣ ማሽን እንኳ የሌለኝ ሰውዬ፣ "ዘጠና አምስት" እላለሁ። አንዳንዴ ለይሉኝታ ከፍ አድርጌ መቶ አሥር አደርሳታለሁ። "ምን በልተህ ነው?" ሲሉኝ ያልበላሁትን ሩዝ በላሁ እላለሁ፤ የበላሁትን ዶናት ግን እደብቃለሁ። አዎ፣ ዶናት። ሥራ ቦታ ነበር፣ ሰኞ ነበር፣ አትፍረዱብኝ።

የሚገርመው የእሳቸው ቁጥር መውረድ ጀመረ። መቶ ስድሳ ሆነ፣ ከዚያ መቶ አርባ። እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑን አበዙ፤ ለጀማል "ሆዴን ቀለል እንዲለኝ ነው" ይሉታል። አንድ ቀን ጉሮሮዬን ጠራርጌ እውነቱን ልናገር ስል ቀደሙኝ። "አንተ ባትኖር ይህን ማሽን አልነካውም ነበር።" እንዲህ ያለች ሴት ፊት ውሸታም ነኝ ማለት ለካ ማሽኑን መልሶ ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ነው። ዋጥኩት።

ይልቅ ቢያንስ ቁጥሩ እውነት ይሁን ብዬ እኔም ማሽን ገዛሁ። ጠዋት ተነስቼ ጣቴን ወጋሁ። መቶ ሰባ አራት። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ጣት ቀየርኩ። መቶ ሰባ ስምንት። ሦስተኛ ጣት ስመርጥ ስልኩ ጮኸ።

"ስንት ሆነልህ?"

ፈራሁ። ብቻዬን መፍራት ስላቃተኝ ቁጥሩን ነገርኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ሁለት ወር ሙሉ ቁጥርህ የጤነኛ ሕፃን ቁጥር ነበር። ከእኔ ደብቆ ብቻውን እየፈራ ነው እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ዛሬ ገና አመንከኝ። በል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

ሄድኩ። ሐኪሟ ማሽኑ አልተሳሳተም አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ኦክላንድ አንድ ሰርግ ላይ አንድ ገበታ ተቀመጥን፤ እኔ፣ ጀማልና እናቱ። እንጀራ ሲመጣልኝ "ስኳር አለብኝ" ብዬ መለስኩ። ጀማል ከት ብሎ ሳቀ።

"ኧረ ስጡት፣ ዳይት ላይ ነው። እኛንም ያኔ እንዲሁ ብሎ ሸውዶናል።"

አስተናጋጇም ሳቀችና ሁለት አድርጋ ጨመረችልኝ። ውሸቴን ያመነኝ ዓለም እውነቴ ላይ ሳቀ። እኔ ግን የማየው እማማ ዘሃራን ነበር፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ልጃቸውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ቆየት ብለው። እጃቸውን ዘርግተው የእኔን እንጀራ አነሱ፣ የራሳቸውንም አነሱ፣ ሁሉንም ጀማል ሳህን ላይ አስቀመጡት።

"እሱም አለበት" አሉ። "እኔም አለብኝ። አንተ ብላ።"