አግባብነት ያለው መረጃ ያስገቡ

አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች አገር ያቀናሉ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒት ይቀምማሉ። አቃቂ ውስጥ የአንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር የሆኑት አቶ አሻግሬ ደግሞ ያጸድቃሉ። የማያጸድቁት ነገር ቢኖር አጭር ነገር ብቻ ነው። አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር ካለቀ ለእሳቸው ገና አልተጀመረም።

ፋብሪካው በበሩ የሚወጣውን ዕቃ የሚመዘግብበት አሮጌ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበረው። ከአሠሪዎቹም ከሠራተኞቹም በፊት የነበረ፣ ጥቁር ገጽ ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ ዕድሜ ጠገብ ነው። ያለበት አንድ አመል ብቻ ነበር፤ ክብደት ሲጠይቅ በቁጥር ፋንታ ፊደል ከነኩበት አኩርፎ ጭልም ይላል። ያን ጊዜ የበሩ ጥበቃ ሰቦቃ የመዝጊያውን ብረት በእጁ ወደ ላይ ያነሳና መኪናውን ያሳልፋል። ሥራ ቆሞ አያውቅም። አቶ አሻግሬን ሰላም የነሳቸውም ይኸው የሥራው አለመቆም ነበር።

«ቁጥጥር የሌለበት መውጣት መውጣት አይባልም፤ ማምለጥ ነው!» አሉና የፕሮግራም ባለሙያዋን ልዕልትን ጠርተው መፍትሔ እንድታመጣ አዘዟት።

ልዕልት ነገር ማብዛት አትወድም። ፕሮግራሙ የተሳሳተ መልስ ሲሰጠው በማኩረፍ ፋንታ መልሶ እንዲጠይቅ አደረገችው። ይጠይቃል፤ መልሱን ያያል፤ ልክ ከሆነ ያልፋል፤ ልክ ካልሆነ «ክብደቱን በቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ 40» ብሎ እንደገና ይጠይቃል። ግራ የገባው ሰው «ተወው» ብሎ ከጻፈ ደግሞ መጠየቁን ያቆምና ጉዳዩን ለፈረቃ ኃላፊው ያስተላልፋል። ማንም አንብቦ የሚረዳው፣ ጥርት ያለ ሥራ ነበር። ጉድለቱም እሱ ነበር።

አቶ አሻግሬ መነጽራቸውን አስተካክለው መረመሩት።

«ይኼ ‹ለምሳሌ 40› የሚለው ምንድን ነው?»

«ሰው ምን እንደሚፈለግበት እንዲያውቅ ነው።»

«ፈተና ላይ መልሱን ጽፈሽ ትሰጫለሽ?»

«ፈተና አይደለም እኮ፣ አቶ አሻግሬ። በር ነው።»

«በር ማለት ፈተና ነው» አሉ፤ አባባሉ ደስ ስላላቸውም አንድ ጊዜ ደገሙት። «እሺ፣ ይኼ ‹ተወው›ስ?»

«ሰው ከተቸገረ መውጫ እንዲኖረው።»

«መውጫ! እኛ መውጫውን ልንዘጋ እየደከምን አንቺ መውጫ ትሠሪያለሽ?»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው፣ ለማንም ግልጽ በሆነ ምክንያት፣ አቶ አሻግሬ ነበሩ። ኮሚቴው ምሳሌውን ሰረዘ፤ «ተወው»ን ሰረዘ፤ በሁሉም ስህተት ላይ አንድ ወጥ ምላሽ እንዲሰጥም ወሰነ፦ «ያስገቡት መረጃ አግባብነት የለውም። አግባብነት ያለው መረጃ ያስገቡ።» ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ዕቃው የሚወጣበት ምክንያትም በአንድ ቃል እንዳይገለጽ ተከለከለ፤ ምክንያት በአንድ ቃል የሚገልጽ ሰው ምክንያት የለውምና። በመጨረሻም የበሩ ብረት በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ብቻ እንዲነሳ ተደረገና ሰቦቃ ይይዘው የነበረው እጀታ ተቆርጦ ወጣ። ፋብሪካው የብረት እንደመሆኑ መጠን በዚህ በኩል የባለሙያ እጥረት አላጋጠመም።

የምረቃው ቀን በሩ አጠገብ ድንኳን ተተከለ። አቶ አሻግሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዳቸውን በቀኝ በኩል ሲወጋቸው ነበር፤ ግን ማታ የበሉት ዱለት ነው ብለው ችላ አሉት። ንግግራቸውንም ጀመሩ።

«ዛሬ በዚህ በር ላይ የምናስመርቀው ኮምፒውተር አይደለም! የምናስመርቀው...»

ምን እንደሆነ ሳይናገሩ ታጥፈው ወደቁ። ታዳሚው የንግግሩ ማሳረጊያ መስሎት አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ መልሰው እንዳልተነሱ የታየው ለሾፌሩ ለሙህሲን ነበር። አፋፍሶ ፒክአፑ ላይ አስተኛቸውና ወደ በሩ ነዳ። ልዕልትም ከኋላ ዘልላ ወጣች።

በሩ ዝግ ነው። ሰቦቃ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነባል።

«‹የጭነቱ ዓይነት› ይላል። ምን ልበል?»

«ሰው በል!» አለ ሙህሲን።

ሰቦቃ ጻፈ። «ያስገቡት መረጃ አግባብነት የለውም...»

አቶ አሻግሬ ከፒክአፑ ላይ አቃሰቱ። «ሰው አትበል... ኃላፊ በል!»

ኃላፊም አግባብነት አልነበረውም።

«የሚቀበለው ፋብሪካው የሚያወጣቸውን ዕቃዎች ብቻ ነው» አለች ልዕልት። «ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቁርጥራጭ ብረት...»

«ቆርቆሮ ልበል?»

«ቆርቆሮ ካልክ ደረሰኝ ይጠይቅሃል። ቁርጥራጭ በል።»

«ቁርጥራጭ?» አሉ አቶ አሻግሬ፤ ላብ በላብ ሆነዋል። «በየትኛው መመሪያ?»

ቁርጥራጭ ብረት ተባለ፤ ኮምፒውተሩም ተቀበለ። ቀጥሎ ክብደት ጠየቀ። ሰቦቃ የተኛውን ሰው በዓይኑ መዘነና «ሰማንያ ገደማ» ብሎ ጻፈ። አግባብነት የለውም። «80 ኪሎ» አለው። አሁንም የለውም። ከኋላቸው የተሰለፈ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል።

«ፕሮግራሙን አሁን ቀይሪዋ!» አለ ሙህሲን ወደ ልዕልት ዞሮ።

«ኮሚቴው ካልተሰበሰበ አይከፈትልኝም። ሰብሳቢው እነሆ ተኝተዋል። ሰቦቃ፣ ‹ኪሎ›ውን አጥፋውና ቁጥር ብቻ ጻፍ!»

«ታዲያ ቁጥር ብቻ ጻፍ አይለኝም?»

ልዕልት የተኙትን ሰውዬ አየች። «ይል ነበር» አለች።

ክብደቱ አለፈ። የመውጫው ምክንያት ብቻ ቀረ። ሰቦቃ «ሕመም» አለ፤ ተመለሰበት። «ሆድ» አለ፤ ተመለሰበት። የአቶ አሻግሬ ፊት አመድ መስሏል፤ ልዕልት እጃቸውን ብትይዘው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው ይሞታሉ ብላ ፈራች። እሳቸው ግን ባለ በሌለ ኃይላቸው ቀና አሉና ቃል በቃል አጻፉት።

«በድንገት... በተከሰተ የጤና መስተጓጎል ምክንያት... አስፈላጊውን የሕክምና ክትትል... ለማድረግ ይቻል ዘንድ...»

ብረቱ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

«አያችሁ?» አሉ አቶ አሻግሬ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ይሠራል!» ብለው ራሳቸውን ሳቱ።

ሙህሲን በባጃጆቹ መሐል እየተሹለከለከ፣ ሳሪስ አቦ ጋ የተዘጋጋውን መንገድ ጥሩምባ እየነፋ አልፎ ሆስፒታል አደረሳቸው። እዚያ ሲነቁ ሌንሳ የምትባል ነርስ ተቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?»

«ጉዳዩ ከዝግጅት ምዕራፉ አንስቶ ሲታይ...»

«ሰዓቱን ብቻ ይንገሩኝ። ለምሳሌ ቁርስ ሰዓት ላይ?»

«ከቁርስ በፊት።»

«ጎሽ። ክብደትዎስ ስንት ነው?»

«በተደረገው የመስክ ግምት መሠረት...»

«ካላወቁት ይተዉት፣ እኛ እንመዝናለን» አለችና አልጋውን እየገፋች አስገባቻቸው። ትርፍ አንጀታቸው ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ወጣ።

አቶ አሻግሬ አገግመው ቢሮ የገቡ ቀን ከማንም በፊት ያስጠሩት ልዕልትን ነበር። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ድምፃቸው ለስልሷል። ልዕልት ልቧ ራራ።

«ልጄ፣ እዚያ ሆስፒታል ተኝቼ ብዙ አሰብኩ። ነርሷ ጠየቀችኝ። መልሴ አልገባትም፤ በምሳሌ ደግማ ጠየቀችኝ። የማላውቀውን ደግሞ ‹ይተዉት› ብላ አለፈችኝ።»

«ያ እኮ እኔ የጻፍኩት ነው!» አለች ልዕልት፤ ደስታዋ ከወንበሯ ሊያስነሳት ደረሰ።

«መሆኑን አውቄአለሁ። ለዚህም ነው የደነገጥኩት!» አሉ አቶ አሻግሬ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ክብደቴን እንኳ በአግባቡ ሳላስገባ ሆዴን ከፈቱት! ማን እንደገባ፣ በምን ምክንያት እንደገባ ሳይጣራ! እንዲህ ያለ ልቅ አሠራር ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። ስለዚህ የእኛን ፕሮግራም ለድንገተኛ ክፍላቸው በስጦታ እንድንሰጣቸው ወስኛለሁ። ዛሬውኑ ወስደሽ ትገጥሚላቸዋለሽ።»

ልዕልት ዓይኗን ወደ ሆዳቸው ጣል አደረገች።

«እሺ፣ አቶ አሻግሬ። ስፌቱን የሚያወጡልዎት ግን መቼ ነው?»

«አርብ።»

«እዚያው ሆስፒታል?»

«እዚያው።»

«እንግዲያውስ ከአርብ በኋላ እንስጣቸው?»

አቶ አሻግሬ ሆዳቸውን በቀኝ በኩል ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያም፣ በሥራ ዘመናቸው ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት፣ ያለ ኮሚቴ አጸደቁ።