የእግር ጣት ለምን አያይም?

ዓይናፋር ሰው የእግሩን ጣት አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ሰው ባነጋገረው ቁጥር የሚያየው እሱን ነዋ! እኔም ጣቴን እንዲሁ ሳጠና ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ዩኒቨርሲቲ እንደተማርነው፣ በጣቴ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ሕዋስ ዓይን የሚሠራበትንም ትእዛዝ ይዛለች። ትእዛዙን ጂን ይሉታል። ታዲያ ጣቴ ለምን አያይም? ማን ነው ዝም ያሰኘው?

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ለክረምት አገሬ ሞላሌ እንደገባሁ፣ ሽማግሌ መጣብኝ። አንድ የመሐል ሜዳ ጸሐፊ ልኮ። ትምህርቴ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው! አባቴ ደግ ናቸውና “እሷው ትናገር” ብለው ከጓዳ አስጠሩኝ። “አልፈልግም” ማለት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን የእግሬን ጣት ማየት ያዝኩ። ዝም ካልኩ ደግሞ እሺ አለች ሊባል ነው። ምን ልበል? ስለ ሕዋስ ጀመርኩላቸዋ!

አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቁመኝ? በአንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ዘበኛ ተቀምጦ እንዳይነበብ ይከለክላል አልኳቸው። በዓይን በማትታይ አንዲት ረቂቅ ፍጥረት ውስጥ፣ የወተት ስኳር ሲገባ ዘበኛው ይነሳል፣ ትእዛዙም ይነበባል። የሰው ነገር ገና እየተጠና ነው። ግን ጉበትን ጉበት፣ ጣትን ጣት የሚያደርገው የትኛው ትእዛዝ ተነቦ የትኛው ዝም እንዳለ ነው አልኩ።

ዋናው ሽማግሌ አቶ ደምሴ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “እንግዲያው ሚስትነቱም ውስጧ አለ። ዘበኛው ነው አልነሳ ያለው” አሉ።

“የጠፋው ስኳር ነዋ!” አሉ ሌላው።

ላብራራ ስል ተሰነባብተው ወጡ። ሳምንቱን ሙሉ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስል ሰነበትኩ። መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ እከድናለሁ። እናቴ “ኧረ ተቀመጪ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ!” ትለኛለች።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አንድ ጆንያ ስኳር በበቅሎ አስጭነው!

“ይኸው ልጄ” አሉ አቶ ደምሴ፣ ጆንያውን መታ መታ እያደረጉ። “አሁንስ ተነሳልን?”

“አልፈልግም!”

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሁሉም ወደ እኔ ሲያፈጡ ነው። አባቴ እንኳ ድምፄን ያን ያህል ከፍ ብሎ ሰምተውት አያውቁም።

አቶ ደምሴ ጆንያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

“ስኳሩስ ሠርቷል” አሉ። “የተነሳው ግን ሌላ ዘበኛ ነው።”