ማንም ያልረገጠው የግቢዬ ድንጋይ

እንግዳን ከጭቃ ይልቅ የሚያስቸግረው ንጹሕ ግቢ ነው! አትሳቁ። እኔም በራሴ እስኪደርስ ድረስ አላምንም ነበር።

የአሰላን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጭቃው ጫማ ይውጣል፤ ያውም ሳያላምጥ! ዓምና የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶኝ ስደግስ፣ የንስሐ አባቴ መምሬ ተክሌ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ባለችው ሃያ እርምጃ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሴ ቀሩ... በእኔ ጭቃ! «እመቤቴ ሆይ፣ እሳቸውን ብቻ ማሪልኝ እንጂ ደጄን ድንጋይ አነጥፋለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ዳኑ፤ ስሟ ይመስገን።

ፋሲካ እንዳለፈ ኦቦ ቱፋን አስጠራሁ። ኦቦ ቱፋ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ እኔን በአክብሮት «አዴ» ይሉኛል። በጋሪ ያስመጡትን ድንጋይ ግቢው ውስጥ አራገፉና መምረጥ ጀመርን። እኔ መልኩን አያለሁ፤ እሳቸው ድምፁን ያዳምጣሉ። በመዶሻ ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። እንደ ደወል የጮኸው ይቀመጣል፤ አፉን የያዘው ይወረወራል። አንዷን ሰማያዊ የምትመስል ድንጋይ ሲወረውሩብኝ ግን አልቻልኩም።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ውስጧ ተሰንጥቋል፣ አዴ። አንድ ክረምት አትችልም።»

«ታምራለች እኮ!»

«የሚፈለገው ሙሽራ ነው ወይስ መረገጫ?»

በትልልቅ ሰዎች ደጅ ግራኒት የሚባል ድንጋይ ይነጠፋል ሲባል ሰምቼ ነበርና ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «የእኛ ጥቁር ድንጋይ ምን በደለ?» አሉኝ። ምንም አልበደለም።

መሬቱን ቆፍረው ጠጠርና አሸዋ ደለደሉበት። ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አስጠግተው፣ ሸካራውን ፊት ወደ ላይ አድርገው በመዶሻ መቱ። «እግር ይይዛል። ቄስዎ ቢሮጡ እንኳ አይወድቁም» አሉኝ። ዝናቡም እንዳይተኛበት መሃሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አደረጉት።

እናንተዬ፣ እንዴት አማረ! እኔም ለነሐሴ ማርያም ተራዬ ደርሷልና እስከዚያው እንዳይቆሽሽ ብዬ በየቀኑ በእንዶድ አጠብኩት። ዶሮዎቹን አሰርኩ። ልጆቼን በዳር አስኬድኩ። ባለቤቴንም ጭምር!

«ታዲያ ለምን ተነጠፈ?» አሉኝ፣ በጭቃው ዳር እግራቸውን እየነቀሉ።

«ለመምሬ ነዋ! ትንሽ ይታገሱኝ።»

ታገሡኝ። ሁለት ወር ሙሉ በዳር ሄዱ። መታገሥ ብቻም አይደል... ለመዱት።

ነሐሴ ሃያ አንድ ደረሰ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ውሃው ከድንጋዩ እየወረደ ዳርና ዳሩን ማጥ አድርጎታል። መሃሉ ግን ያበራል! ባለቤቴ በር ላይ ቆመው የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ተቀበሉ፤ «ግቡ፣ ግቡ» እያሉም ከፊት ቀደሙ። በየት በኩል? በለመዱት በኩል! በጭቃው!

የቤቱ ጌታ በጭቃ ሲሄድ እንግዳ በድንጋይ ሊሄድ ነው? ነውር አይደል! ሁሉም ተከትለው ማጡ ውስጥ ገቡ።

«በድንጋዩ! በድንጋዩ ግቡ!» ብዬ ከደጃፍ ጮህኩ።

«ኧረ በማርያም! በዚህ እግራችን?» አለች እትዬ የሺ፣ ጎረቤቴ። ልትረግጠው ቀርቶ ቀሚሷ እንዳይነካው ሰብስባ ይዛለች። አንዷማ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ በጭቃው ገባች። ቤቴ ውስጥ የገባውን ጭቃ አትጠይቁኝ።

ይሁን... እነሱ ጉልበት አላቸው። መምሬ ግን መጡ፤ በበትር እያነከሱ። ቆም ብለው ግቢውን አዩት። ዳርና ዳሩ በእግር ተቦክቷል፤ መሃሉ ላይ አንድ ዱካ የለም።

«ልጄ፣ ታቦት ሊያርፍበት ነው?»

«ኧረ አባቴ፣ ለእርስዎ ነው! እርስዎ እንዲረግጡት ነው!»

«እኔ ማን ነኝና? ሕዝቡ ያልረገጠውን ቀድሜ እረግጣለሁ? አይሆንም» አሉና በትራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉ። በትሩ እስከ ግማሹ ሰመጠ። ልቤም አብሮ ሰመጠ። ያንኑ የታመመ እግራቸውን ወደ ማጡ አነሱ...

አሰብኩ? አላሰብኩም። በበዓል ልብሴ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። በሁለት እጄ ዘግኜ ድንጋዩ ላይ ጣልኩ፤ ፍንጣሪው ፊቴ ድረስ ዘለለ። ደገምኩ። ሰለስኩ። ከዚያም ወጥቼበት ከደጃፉ እስከ በሩ ተራመድኩበት።

«አበደች!» አለች እትዬ የሺ።

መምሬ ድንጋዩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አሁን ገና የሰው መንገድ መሰለ» አሉና እግራቸውን ወደ ድንጋዩ መለሱት። ሸካራው ፊት ያዘላቸው። አንድ፣ ሁለት... ሃያውን እርምጃ እኔ እየቆጠርኩ፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ደጃፉ ደረሱ። እመቤቴ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ምን እጠይቅሻለሁ!

«ደጅሽን የሰው እግር አያሳጣው» ብለው መረቁኝ።

«አሜን» ብዬ ጎንበስ አልኩ። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ፤ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ግንባሬን በግራ አዩ፣ በቀኝ አዩ... መስቀሉን የሚያሳርፉበት ንጹሕ ቦታ እየፈለጉ ነበር።