አምስቱን ሌሊት በሦስት

የትም ከተማ ሂዱ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምታ አንድ ቀን እንኳ «እሺ» ብላ የማታውቅ አንዲት ሴት አታጡም። የዳንግላዋ እትዬ ዋጋዬ ናት። ቅዳሜ ወደ ገበያ ስትገባ ሽንኩርት ሻጮቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ዳኛ የገባ ይመስል። እሷም ከሰላምታ ቀጥላ የምትላት አንዲት ቃል አለቻት፦ «የመጨረሻውን በይኝ!»

የምትከራከረው በብር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጋሪ ላይ ስትወጣ ስለ ፈረሱ ትደራደራለች። «ዳገቱ ላይ እንወርድለታለን፣ ሜዳው ላይ ግን ይሮጥልናል፤ ተስማማን?» ትላለች ባለጋሪውን። ሻጩ በአማርኛ ከጠነከረባት ወደ አዊኛ ትዞራለች፤ በአዊኛ ከጠነከረባት ደግሞ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። የነፍስ አባቷ ቄስ ምስጋናው አንድ ጊዜ መቶ ስግደት አዘዟት። «አባቴ፣ ጉልበቴን ያውቁታል። የመጨረሻውን ይበሉኝ» አለቻቸው። ስልሳ ላይ ተስማሙ። ቄሱ በኋላ «ከስልሳ በታች ሳልወርድ የተረፍኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው» አሉ ይባላል።

ይህን ሁሉ ዘንቢል ይዛ አጠገቧ ቆማ ያየችው ሜላት ናት። ሜላት የእትዬ ዋጋዬ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተችባት ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። በ2008 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የአክስቷንም ጥበብ በቃሏ ታውቀዋለች። መጀመሪያ፣ የዕቃውን ጉድለት ከባለቤቱ አትጠይቂም፤ ጎኑ ያለውን ሻጭ ነው የምትጠይቂው። ሽንኩርቱ የበሰበሰ መሆኑን ድንች ሻጯ ትነግርሻለች። ከዚያ ያንን ጉድለት ጮክ ብለሽ ታወሪያለሽ። ሻጯ ካልወረደች ጀርባሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ፤ ግን ቀስ ብለሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ሻጯ ከኋላ «ነይ እሺ! ነይ ውሰጂ!» ማለቷ አይቀርም። ያኔም ቢሆን በመጀመሪያው ጥሪ አይዞርም። አንድ እርምጃ ይጨመራል።

ሜላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የደም ሕመም አለባት። በዘር የሚመጣ ነው፤ ታላሴሚያ ይሉታል። ሰውነቷ ደህና ደም መሥራት ስለማይችል በየአራት ሳምንቱ ባህር ዳር ሆስፒታል ሄዳ የሰው ደም ትወስዳለች። ከወሰደች በኋላ ጉንጯ ይቀላል፣ ትስቃለች። እትዬ ዋጋዬም ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ዶክተር ማስተዋል፣ ሜላትን የምትከታተለው ወጣት ሐኪም፣ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው።

«ደሙ ነው የሚያኖራት። ግን በእያንዳንዱ ከረጢት ደም ውስጥ ብረት አለ። ሰውነታችን ትርፍ ብረት የሚያስወጣበት በር የለውም። ጉበት ላይ ይቀመጣል፣ ልብ ላይ ይቀመጣል።»

«ብረት?» አለች እትዬ ዋጋዬ። «ማረሻ የሚሠሩበት?»

«እሱው። ግን የደቀቀ፣ በዓይን የማይታይ።»

«እኔ ታዲያ ደም ይሆናታል ብዬ በየሳምንቱ ጉበት ሳበላት የኖርኩት?»

«ጉበቱን ይተዉት፣ እናቴ። እሱም ብረት ነው።»

እትዬ ዋጋዬ የዚያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ ሜላትን ከጎን ከጎን ታያት ነበር፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ልጅቷ እንደ ቆርቆሮ ትጮህ እንደሆነ የምታዳምጥ ይመስል። ሜላትም ማታውን ከተበላሸ ሬዲዮ ማግኔት ፈታ አውጥታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ሳበሽ?» አለች እትዬ ዋጋዬ ከበሩ ላይ።

«አልሳበኝም።»

«እስቲ ወደ ጉበትሽ ዝቅ አድርጊው።»

ጉበቷንም አልሳበውም። ሁለቱም ትንሽ ቅር አላቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተር ማስተዋል ብረቱን የሚያወጡ መድኃኒቶች ሦስት ዓይነት ናቸው አለች። አንዱ በመርፌ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ተሰክቶ በትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ የሚገባ ነው። ሁለተኛው በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ሦስተኛው በቀን አንዴ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠጣ። ሦስት ሲባል የእትዬ ዋጋዬ ዓይን በራ። ሦስት ሻጭ ማለት ነው!

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ዶክተርዬ» ብላ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ሄደች። እዚያ ከጥሊሊ የመጡ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጃቸው ፓምፑን ትጠቀማለች። አጠገባቸው ሸጋ የምትባል የአዘና ሴት አለች፤ እሷ ኪኒኑን ነው የምትውጠው። እትዬ ዋጋዬ እንደ ልማዷ ስለ ኪኒኑ ደሴን ጠየቀች፣ ስለ ፓምፑ ሸጋን።

«ኪኒኑ?» አሉ ደሴ። «ሽንትን ቀይ ያደርጋል። በየሳምንቱም ደም መመርመር አለበት፤ በሽታ የሚከላከለውን ነጩን ደም እንዳይቀንሰው። ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ከጥሊሊ በየሳምንቱ ማን ይመላለሳል?»

«ፓምፑስ ምኑ ይወደዳል?» አለች ሸጋ። «ወደ ቀኝ ስትዞሪ ሳጥኑ፣ ወደ ግራ ስትዞሪ ገመዱ። ጠዋት ሆድሽ አብጦ ያሳክካል።»

በሚጠጣው ላይ ሁለቱም ተባበሩ። ኖራ ኖራ ይላል፣ ሆድ ይረብሻል፣ ኩላሊትና ጉበት በየወሩ ይታያል አሉ።

«በይ የራስሽስ?» አለቻት እትዬ ዋጋዬ ሸጋን።

«የኔ ብረት ልብ ላይ ነበር» አለች ሸጋ። «ለልብ ይኼ ይበጅሻል ብለው ሰጡኝ። ደረጃ ስወጣ አልደክምም አሁን።»

«ልጄም እኮ በመርፌው ነው ያደገችው» አሉ ደሴ ቆጣ ብለው።

እትዬ ዋጋዬ ግራ ገባት። የታማው ዕቃ ሁሉ ሰው ያዳነበት ገበያ ገጥሟት አያውቅም። ተመልሳ ገባች። «ታዲያ ከሦስቱ የሚበልጠው የትኛው ነው?»

«ሦስቱም ብረት ያወጣሉ» አለች ዶክተሯ። «የሚለያዩት ከሰው በሚፈልጉት ነገር ነው። ለጊዜው ለሜላት በእጃችን ያለው ፓምፑ ነው። በሳምንት አምስት ሌሊት።»

መድኃኒቱ የእርዳታ ነው፤ ክፍያ የለውም። ዋጋ የሌለውን ነገር ታዲያ በምን ይከራከሩታል? እትዬ ዋጋዬ ወዲያው አገኘችው።

«አምስት በዛ። ሁለት አድርጊው።»

«አምስት ነው፣ እናቴ።»

«ልጅ ናት፣ ተማሪ ናት፣ ሆዷም እንደምታዪው ትንሽ ነው። በይ ሦስት። የመጨረሻውን በይኝ!»

«የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አምስት ነው።»

እትዬ ዋጋዬ ተነሳች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሜላት ወንበሯ ላይ ተሸማቀቀች። የጠራት የለም። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። የጠራት የለም። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ራሷን አስገብታ «ዘንቢሌን ረስቼ ነው» አለች። ዘንቢሉ ክንዷ ላይ ነበር።

ፓምፑን ይዘው ዳንግላ ገቡ። መጀመሪያ አምስቱንም ሌሊት አደረጉት። መርፌውን የምትሰካው እትዬ ዋጋዬ ናት፤ እየሰካች ከልጅቷ ይልቅ እሷ «ወይኔ!» ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ሜላት ሆዷን እያሻሸች «ዛሬ ይቅርብኝ፣ እትዬ» አለች።

አክስቷ «አይሆንም» ማለት ነበረባት። ግን አፏ የለመደውን ተናገረ።

«የመጨረሻውን በይኝ።»

«በሳምንት ሁለት።»

«አራት!»

«ሦስት፣ እትዬ። ሞትኩ እኮ።»

«ሦስት፣ በቃ!» አለችና እጅ ለእጅ ተመታቱ። ሐኪም ቤት የከለከሏትን ሦስት ቤቷ አገኘችው። የዚያን ሰሞን ገበያ ውስጥ የምትራመደው አረማመድ የተለየ ነበር። ሜላትም ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ስድስት ወር አለፈ። ብረቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፤ ቁጥሩ አንድ ሺህ አካባቢ ቢሆን ይወደዳል። ሜላት ስትጀምር ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነበር። አሁን አራት ሺህ ስድስት መቶ ሆነ።

ዶክተር ማስተዋል ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። «መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት ነው» አለች። «ሌላ ልጨምርባት ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ለሰውነቷ ግን ይከብዳል። አምስቱንም ሌሊት ወስዳለች አይደል?»

ሜላት «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ሦስት» አለች እትዬ ዋጋዬ።

ዶክተሯ ቀና አለች።

«ሦስት ሌሊት ነው። እኔ ነኝ። እኔና እሷ ተስማምተን ነው።»

ሜላት አክስቷን አየቻት። እትዬ ዋጋዬ በዕድሜዋ ሁሉ እውነተኛውን ቁጥር በመጀመሪያው ጥያቄ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«እናንተ ተስማማችሁ» አለች ዶክተር ማስተዋል ቀስ ብላ። «ብረቱ ግን አልተስማማም። ልቧ እስከ ዛሬ ደህና ነው። እስከ ዛሬ። እንዲህ ከቀጠለ ይደክማል፣ ከደከመ ደግሞ በሃያ ዓመቷም ልናጣት እንችላለን። ባይነግሩኝ ኖሮ ጥፋቱን መድኃኒቱ ላይ ጥዬ ሌላ ልጭንባት ነበር።»

ከዚያ ወንበሯን ወደ ሜላት አዞረች። «አሁን የሚጠጣውም መጥቷል። አንቺን ልጠይቅሽ፤ የትኛውን ነው ሙሉውን የምትወስጂው?»

ሜላትን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ብዙ ነገር ማወቅ ፈለገች። በሆዴ መተኛት እችላለሁ? ትምህርት ቤት ይታወቅብኛል? ኩላሊቴን ቢነካውስ በምን አውቃለሁ? ዶክተሯ አንድ በአንድ መለሰችላት። ለኩላሊቱም ለጉበቱም በየወሩ እናያለን፣ ደም ልትወስጂ ስትመጪ አብሮ ይታያል አለቻት።

«የሚጠጣው» አለች ሜላት።

«እሺ። በየቀኑ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ብርጭቆው ሥር የሚቀረውን ደግሞ በትንሽ ውኃ አጥበሽ ትጠጪዋለሽ። ምንም አይቀርም።»

ሁለቱም ወደ እትዬ ዋጋዬ ዞሩ። እትዬ ዋጋዬ አፏን ከፈተች። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ ሜላት አይታዋለች። መልሳ ዋጠችው። ዳንግላ ስትመለስ ግን ጠዋት መጠጣቱ ጾም ይሽር እንደሆነ ለመጠየቅ ቄስ ምስጋናው ጋ ሄደች። «ሕመምተኛ ናት፣ ትጠጣ» አሏት። «በየቀኑ?» «በየቀኑ።» ሳትከራከር እጃቸውን ተሳልማ ወጣች፤ ቄሱ አሟት ይሆን ብለው እስከ አጥሩ ድረስ ተከተሏት።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ሜላት ኖራው አንገሸገሻት። ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ዛሬ ይበቃኛል» አለች። እትዬ ዋጋዬ ብርጭቆውን መልሳ ወደ እሷ ገፋችው። ሜላት ደብተሯን ያዘች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ቀስ ብላ ወደ አጥሩ በር ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከማን እንደተማረችው የታወቀ ነው።

«ነይ እሺ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። «ነይ፣ ሜላትዬ!»

ሜላት አልዞረችም። አንድ እርምጃ ጨመረች። እንዲያውም መንገድ ገባች። ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ስትደርስ ሰው ሁሉ ወደ ኋላዋ ሲያይ ጊዜ ዞረች። እትዬ ዋጋዬ ብርጭቆውን በመዳፏ ከድና ትሮጣለች። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም።

«እትዬ ዋጋዬ!» አለ ባለጋሪው ቢሻው ጋሪው ላይ ቆሞ። «ዛሬ ደግሞ ሻጭ ሆንሽ? በስንት ነው?»

«ዝም በል፣ ፈረስህን ያዝ!» አለችው እያለከለከች። ከዚያ ለሜላት ብርጭቆውን ዘረጋችላት። «የፈለግሽውን በይኝ። ያልሽውን እሰጥሻለሁ።»

ሜላት ቅዳሜና እሑድን እረፍት ልትጠይቅ አስባ ነበር። የአክስቷን ባዶ እግር አየችው፤ ጭቃ ይዞታል።

«ምንም» አለችና ጠጣችው። እትዬ ዋጋዬ ከቢሻው የውኃ ጀሪካን ጠብታ አስጨምራ ቅሪቱን አጥባ ሰጠቻት። ያንንም ጠጣች።

ዓመቱ ሲሞላ ባህር ዳር ሄዱ። ዶክተር ማስተዋል ወረቀቱን ዘረጋች። «ኩላሊቷም ጉበቷም ደህና ነው» አለች። «ብረቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ።»

ሜላት ወደ አክስቷ ዞረች፣ ልትስቅ ወይ ልታለቅስ ነው ብላ። እትዬ ዋጋዬ ግን ፊቷን አጨማደደች። ወረቀቱን እንደ ጠወለገ ጎመን በሁለት ጣት አነሳችው።

«ከአራት ሺህ ስድስት መቶ ወርዶ ነው ይኼ?» አለች። «አሁንም በዛ። የመጨረሻውን በይኝ፣ ዶክተርዬ።»

«እትዬ!» አለች ሜላት።

እትዬ ዋጋዬ ወረቀቱን አስቀመጠች። ተነሳች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ወደ በሩ ሄደች፣ ቀስ ብላ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሜላት ዓይኗን በልመና ወደ ዶክተሯ ላከች።

«እትዬ ዋጋዬ!» አለች ዶክተር ማስተዋል ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ይመለሱ! የመጨረሻው አይደለም፣ ገና እንቀንሳለን!»

ሜላት የአክስቷን ፊት ከጎን ታየዋለች። ጥርሷ ሁሉ ወጥቷል። ግን አልዞረችም። አንድ እርምጃ ጨመረች።